የአዋሽ መንገድና የሰፈር መንገድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዋሽ ሸለቆ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወርደው መንገድ ርዝመቱ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተነሣው ጦርነት ምክንያት የአሰብ በር ከተዘጋብን ወዲህ፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣልን ዕቃ አብዛኛው የሚገባው በጅቡቲ ወደብ ነው። ለገበሬው የሚታደለው ማዳበሪያ፣ ለመኪናው የሚቀዳው ነዳጅ፣ ልጆቻችን የሚጽፉበት ወረቀት ሳይቀር ብዙው በዚህ መንገድ ተጕዞ የደረሰን ነው። ዕቃውን ሁላችን እናውቀዋለን፤ ዕቃውን ያመጣልንን ሰው ግን የሚያስበው ጥቂት ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሁለት ነገር ለውድ አንባብያን ለማሳየት አስቤአለሁ። አንደኛው መንገዱ ራሱ ምን እንደሚመስል ነው፤ ሁለተኛውም በዚህ መንገድ ላይ ዕድሜአቸውን ያሳለፉ አንድ ሹፌር ረጅሙን ጉዞ ትተው በከተማ ውስጥ መንዳት በጀመሩ ጊዜ በኑሮአቸውና በቤታቸው ላይ የደረሰው ለውጥ ነው። ሰውዬው ጎረቤቴና የዕድራችን አባል ናቸው። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለ ፈለጉ እኔም ሰፈሩ እንደሚጠራቸው ጋሼ እያልሁ እጽፋለሁ። በልጅነታቸው በአሰብ መንገድ ረዳት ነበሩ፤ ኋላም መንጃ ፈቃድ አውጥተው በጅቡቲ መንገድ ሃያ አራት ዓመት ነዱ።

በጥር ወር 2012 ዓ.ም.፣ የጥምቀት በዓል ካለፈ በኋላ፣ ለትምህርት ሥራ ወደ ሰመራ መሄድ ነበረብኝ። ጋሼም የመኪናውን ባለንብረት አስፈቅደው በጎናቸው አስቀመጡኝ። መኪናው ሲኖትራክ ከነተሳቢው ነበር፤ ጭነቱም ቡና ነው። ከቃሊቲ የተነሣነው ሌሊት በዐሥር ሰዓት ሲሆን፣ ረዳቱ አስቀድሞ ወርዶ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በብረት እየመታ ድምፃቸውን ሲያዳምጥ አየሁት። ነፋሱ የጎደለ ጎማ ድምፁ እንደ ደከመ ከበሮ ነው ብለው ጋሼ አስረዱኝ።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች፣ ጉዞው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁልቁለት ነው ማለት ይቻላል። ደብረ ዘይትን አልፈን ሞጆ ስንደርስ ገና ሊነጋ ነበር። በሞጆ ትልቁ ደረቅ ወደብ አለ፤ ከባሕር የመጣው ኮንቴይነር እዚያ ይራገፋል፣ ይፈተሻል፣ ለባለቤቱም ይሰጣል። ከአዳማና ከወለንጪቲ በኋላ ግን የደጋው ልብስ ከላያችን ወረደ፤ ግራሩ በዛ፣ አቧራውም ነጣ። በመተሐራ አጠገብ የፈንታሌ ተራራ ቆሞ ይታያል፤ ከሥሩም የበሰቃ ሐይቅ ተኝቷል። ሐይቁ ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ መሬቱን ስለ ዋጠው መንገዱን ከፍ አድርጎ መሥራት ግድ ሆኖ ነበር። ይህ አገር ዛሬም ከሥሩ ያልጸና መሆኑን በ2017 ዓ.ም. አይተናል፤ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ መሬቱ ደጋግሞ እየተንቀጠቀጠ ብዙ ሺሕ ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተዋል።

ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን አዋሽ ሰባት ገባን። እዚያ ሹፌር ሁሉ ይቆማል፤ ይበላል፣ ውኃ ይሞላል፣ ጎማውን ለጎሚስታ ያሳያል። ዕለቱ ዓርብ ነበርና ሽሮ በልተን ተነሣን። ጋሼ እንደ ነገሩኝ፣ ከአዋሽ ወዲያ የጾም ምግብ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ፓስታ በስጎ ነው፤ በጅቡቲም ቢሆን ዐቢይ ጾምን በሙሉ በፓስታና በዳቦ ያሳለፉበት ዓመት አለ።

የአዋሽ ወንዝ ነገር ለማንም ተጓዥ የሚያስደንቅ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ነገር ግን ከባሕር አይደርስም። የሸንኮራ አገዳውንና የጥጡን እርሻ አጠጥቶ፣ የአፋርን ከብትና ግመል አርክቶ፣ በመጨረሻ በጅቡቲ ወሰን ላይ ካለው ከአቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ይህን ለጋሼ ብነግራቸው መሪውን እንደ ያዙ ሳቁና፣ «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባል የለም? እኛም እንደዚያው ነን፤ ግንዱ ኮንቴይነር ሆነ እንጂ» አሉኝ።

ከአዋሽ በኋላ መንገዱ ረጅምና ቀጥ ያለ ሲሆን አደጋውም ያለው በዚሁ ላይ ነው። ዳገትና ጠመዝማዛ ሹፌሩን ያነቁታል፤ ቀጥተኛ መንገድ ግን ያስተኛዋል። በፀሐይ ግለት አስፋልቱ ውኃ የተኛበት መስሎ ይታያል። በገዋኔ በኩል የአየሉ ተራራ ብቻውን ቆሞ ይቀራል፤ ግመሎችም በእረኛቸው እየተመሩ መንገዱን ያቋርጣሉ። ግመል ለአፋር ሰው ሀብቱም ክብሩም ስለ ሆነ፣ አዋቂ ሹፌር ከሩቅ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ጥሩምባ ሳይነፋ፣ መጨረሻይቱ ግልገል እስክታልፍ ይጠብቃል። ስለ እንቅልፍ በጠየቅኋቸው ጊዜ ጋሼ እንዲህ አሉ፦ «መምህር፣ እንቅልፍን በጫት የሚያባርር ብዙ ነው። ነገር ግን እንቅልፍ ዕዳ ነው፤ ዛሬ ያልከፈልኸውን ነገ በገደል አፍ ላይ ይጠይቅሃል። እኔ ሲመጣብኝ ዳር ይዤ እተኛለሁ፤ ባለ ጭነቱ ቢቆጣ ይቆጣ።»

በዚሁ በገዋኔ አጠገብ ሳለን ስልካቸው ጮኸ። ባለቤታቸው ነበሩ። ትንሹ ልጅ ከጓደኛው ጋር ስለ ተጣላ ከትምህርት ቤት አባቱ ይምጣ ተብሎ ኖሯል። ጋሼም፣ «እኔ ገዋኔ ነኝ በያቸው፤ አንቺው ሂጂ» ብለው ዘጉት፤ ከዚያ በኋላም እስከ ሚሌ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔም መምህር ነኝና ይህን ነገር ከወዲያ በኩል አውቀዋለሁ። በዓመቱ መጨረሻ የውጤት ካርድ ሲታደል፣ በወላጅ ፊርማ ቦታ ላይ ሁልጊዜ እናት ብቻ የምትፈርምላቸው ልጆች አሉ። አባት የሞተ ወይም የተለየ ይመስለናል፤ ስንጠይቅ ግን አባት አለ፤ ሥራው መንገድ ላይ ነው።

ሚሌ ከኮምቦልቻ የሚመጣው መንገድ የሚገናኝበትና የጉምሩክ ፍተሻ ያለበት ከተማ ነው። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. የተገኘችበት ሐዳርም ያለው በዚሁ በአፋር አገር ነው። ሰመራ የደረስነው በማግሥቱ ነበር፤ ከዚያም ተሰነባብተን እርሳቸው ወደ ፊት ቀጠሉ። ከሰመራ ወዲያ ያለውን የማውቀው ከእርሳቸው አፍ ነው። ከሰርዶና ከዲቼቶ በኋላ የጋላፊ ኬላ አለ፤ እዚያ ወረቀት ይመረመራል። ጅቡቲ ከተማ ሊገባ ሲል ደግሞ ፒኬ 12 በተባለው ማቆሚያ ወረፋ ይጠበቃል። ሹፌሩ የሚተኛው በመኪናው ጋቢና ውስጥ ወይም በተሳቢው ሥር ምንጣፍ አንጥፎ ነው፤ በበጋው ትኩሳት ብረቱ ሌሊትም አይበርድም። ጭነቱ ቶሎ ከተገኘ በሳምንት ይመለሳል፤ ወረፋው ከረዘመ ግን ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ቤቱ ደርሶ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሲያርፍ እንደ ገና ይጠራል።

ከዚያ ጉዞ በኋላ ጥቂት ወራት ሳያልፉ የኮሮና ወረርሽኝ መጣ። የየብስ ወሰኑ ለመንገደኛ ሲዘጋ ለጭነት ክፍት ሆኖ ቆየ፤ ስለዚህ ሀገሩ ሁሉ ቤቱ ሲከተት ሹፌሮች ግን መንገድ ላይ ነበሩ። ሰዉ በሽታውን ከጅቡቲ የሚያመጡት እነርሱ ናቸው እያለ ይሸሻቸው ነበር። ጋሼም ከጉዞ ሲመለሱ በጓሮ ባለችው ክፍል ለብቻቸው እያደሩ፣ ምግባቸውን በደጃፍ እየተቀበሉ ከረሙ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ጦርነቱ ወደ ሚሌ አቅጣጫ ስለ ቀረበ መንገዱ የሚያስፈራ ሆነ። ጋሼ ግን በዚህም በዚያም ሥራቸውን አልተዉም። ፍርሃት ሹፌርን አያስወርደውም፤ ፍርሃቱን ከስንቁ ጋር አስሮት ይሄዳል እንጂ።

ያስተዋቸው ሌላ ነገር ነው። በዚያው ዓመት የባለቤታቸው እናት ዐረፉ። ጋሼ ያን ጊዜ በጅቡቲ ወረፋ ላይ ነበሩ። ዕድሩ ድንኳን ተከለ፣ ወንዶቹ አስከሬኑን ተሸከሙ፣ ሴቶቹ ለቀስተኛውን አስተናገዱ። ጋሼ የደረሱት ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ነው። ባለቤታቸው አልወቀሱአቸውም፤ «ዕድሩ ቀበረልን» ብቻ አሉአቸው። ጋሼ በኋላ ሲነግሩኝ፣ «ብትቆጣኝ እሄድ ነበር። እንደ እንግዳ አረጋግታ ስትነግረኝ ግን ቤቴ ያለ እኔ መቆም እንደ ለመደ ገባኝ» ብለዋል።

ሆኖም ከረጅም መንገድ ወደ ሰፈር መንገድ መመለስ እንደሚነገረው ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያ፣ የደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃድ ሕዝብ ለመጫን ስለማይበቃ፣ በአምሳ አራት ዓመታቸው ከልጃቸው እኩያዎች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሠለጠኑ፣ ተፈተኑም። የዐይን ምርመራ ሲደረግላቸው መነጽር ታዘዘላቸው፤ ሃያ አራት ዓመት ሌሊት ያነዳቸው ዐይን በቀን ጽሑፍ ማንበብ ተስኖት ኖሯል። ሁለተኛም፣ የሠራተኞች ሰርቪስ ሹፌር ሆነው በተቀጠሩ ጊዜ ገቢያቸው ከግማሽ በታች ወረደ፤ የመንገዱ ውሎ አበል ቀርቷልና። ከትልቁ ዕቁብ ወጥተው ወደ ትንሹ ገቡ። በኮሮና ጊዜ ለብቻቸው ያደሩባትን የጓሮ ክፍል አከራዩ። ታላቂቱ ልጃቸው የምትማርበትን ክፍያም እናትየው እንጀራ ጋግረው በመሸጥ አገዙ።

አንድ ቀን ማለዳ በዚያው አውቶቡስ ተሳፍሬ ነበር። ሌሊት በዐሥራ አንድ ሰዓት ከአያት ተነሥተን በሲኤምሲና በመገናኛ በኩል ወደ መሐል ከተማ አመራን። በመንገዱ መካከል በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ይሄዳል። ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀቡት ሚኒባሶች ያለ ማስጠንቀቂያ ይገባሉ፤ እግረኛውም ከየአቅጣጫው ያቋርጣል። ከጅቡቲ መንገድ ጋር ሲነጻጸር ርቀቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ነገር ግን ፍሬንና ማርሽ የሚነካበት ጊዜ ቁጥር የለውም። ጋሼ በየፌርማታው «ደኅና አደራችሁ» እያሉ ሠራተኛውን ይቀበላሉ፤ አንዱ ዘገየህ ይላል፣ ሌላው መስኮቱን ክፈት ይላል፣ ሦስተኛው ዝጋ ይላል። «ቡና አይናገርም፤ ሲሚንቶም አይናገርም። ይህን መልመድ ከጋላፊ ትኩሳት ይብሳል» አሉኝ። የመጨረሻዎቹን ሠራተኞች የሚያወርዱት ለገሃር አጠገብ ነው፤ ይህም የጥንቱ የጅቡቲ ባቡር መድረሻ የነበረው ጣቢያ ነው።

ከሁሉ የከበደው ግን በቤት ውስጥ ያለው ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት እንቅልፍ በአልጋ ላይ እንቢ አላቸው፤ ሌሊት እየተነሡ ወደ ደጅ ወጥተው ይቆሙ ነበር። ቀን ደግሞ ይህ ዕቃ ለምን እዚህ ተቀመጠ፣ ያ ገንዘብ ለምን ወጣ እያሉ መጠየቅ ጀመሩ። ትንሹም ልጅ አባቱ ሲያዝዘው አስቀድሞ የእናቱን ፊት ያያል፤ እርስዋ ራስዋን ካልነቀነቀች አይነሣም። ባለቤታቸውን እትዬን ስለዚህ ነገር ባነጋግራቸው የመለሱልኝን አልረሳውም፦ «መምህር፣ እኔ እኮ ይህን ያህል ዘመን የኖርሁት ሲመጡ እንግዳ ተቀባይ፣ ሲሄዱ ስንቅ አሳሪ ሆኜ ነው። ጣራው ሲያፈስስ ያስጠገንሁት እኔ፣ ልጅ ሲታመም ተሸክሜ የሮጥሁት እኔ። አሁን ባሌ ገባ ብዬ ደስ ብሎኛል፤ ቤቱን ግን በአንድ ቀን ቍልፍ አላስረክብም። ቀስ ብለው ይግቡ።»

ይህ ቃል በጋሼ ጆሮ ደረሰ፤ እርሳቸውም አስተዋይ ሰው ናቸውና ተቀበሉት። ለጥቂት ወራት በቤቱ ሥርዓት ላይ ምንም እንዳይለውጡ ለራሳቸው ወሰኑ፤ የገበያውን ዕቃ መሸከምና የዕድሩን ስብሰባ መሄድ ብቻ የእርሳቸው ሥራ ሆነ። ልጁንም ከመገሠጽ ይልቅ ቅዳሜ ቅዳሜ አውቶቡሱን ሲያጥቡ ይዘውት መሄድ ጀመሩ። ልጁ ወዲያው ተለወጠ ብዬ ብጽፍ ሐሰት ይሆንብኛል፤ በዚያ ዓመት ክፍሉን ደግሟል። ነገር ግን በሰኔ ወር ካርዱን የተቀበሉለት አባቱ ናቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ውጤቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ከዚያም በወላጅ ፊርማ ቦታ ላይ ስማቸውን በሙሉ ጻፉ። ልጁም በጎናቸው ቆሞ ሲያፍርም ሲደሰትም አየሁት።

ከዚህ ታሪክ ተመሳሳይ ሐሳብ ያለው ቤተሰብ የሚጠቀምበት ጥቂት ነገር አለ። አስቀድሞ ባልና ሚስት ወረቀትና እርሳስ ይዘው ሒሳቡን በእውነት ይሥሩ። የመንገዱ ገቢ ብዙ ቢመስልም በመንገድ ላይ የሚበላው፣ የሚከፈለውና የሚባክነው ሲቀነስ ልዩነቱ አንዳንድ ጊዜ ከታሰበው ያነሰ ይሆናል፤ በጋሼ ቤት ግን ልዩነቱ በእርግጥ ትልቅ ነበረና አስቀድሞ መታወቁ ከኋላ ጠብ አዳናቸው። ቀጥሎም ሹፌሩ አሮጌውን ሥራ ሳይለቅ አዲሱ የሚጠይቀውን የመንጃ ፈቃድ ዓይነት ያረጋግጥ። የሥራውንም ውል በጽሑፍ ይቀበል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንትም ከ48 እንዳይበልጥ ወስኗል። የከተማ ሹፌር ማለዳና ማታ ተከፋፍሎ ስለሚሠራ፣ በመካከል ያለው ሰዓት እንዴት እንደሚቈጠር ከመጀመሪያው መጠየቅ ይገባዋል። በመጨረሻም፣ ወደ ቤት የተመለሰ አባት ሥልጣኑን በትእዛዝ ሳይሆን በመገኘት ያግኘው።

ይህን ስል ግን ሹፌር ሁሉ መንገዱን ይተው ማለቴ አይደለም። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጭነቱን በከፊል ያመላልሳል፤ ሆኖም ብዙው ዕቃ እስከ ዛሬ ድረስ የሚመጣው በመኪና ነው። ሰው ሁሉ ወደ ሰፈሩ ቢመለስ ዕቃውን ማን ያመጣልናል? ስለዚህ የቀሩት ሹፌሮች ቤት የጎረቤት ዕዳ ነው። የእኛ ዕድር በቀብር ላይ ያልተገኘን አባል ይቀጣ ነበር፤ ከሰፈራችንም አብዝተው የሚቀጡት የረጅም መንገድ ሹፌሮች ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. በተደረገው ጠቅላላ ጉባኤ ጋሼ ተነሥተው፣ መንገድ ላይ ያለ ሹፌር ሚስቱ ወይም ልጁ ከተገኘችለት ቅጣቱ ይቅርለት ብለው አሳሰቡ። አንዳንዶች ሥርዓት ይፈርሳል ብለው ተከራከሩ። ጋሼም፣ «እኔ አሁን ቅጣት የለብኝም፤ የምናገረው ዛሬ ሌሊት ሚሌ ላይ ለሚያድረው ነው» አሉ። ሐሳቡ በድምፅ ብልጫ ጸደቀ። ጸሓፊውም በመዝገቡ ላይ ሲያሰፍር፣ በሰፈራችን በመንገድ ላይ ያሉ ሰባት ሹፌሮች መኖራቸውን በስማቸው ቈጠረ። ያን ያህል መሆናቸውን ብዙዎቻችን ያወቅነው በዚያ ቀን ነው።